ቤቱ ስለ ባለቤቱ ምን ይላል?

(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሚያስተምሩት ነገር አንዱን መርጠው ግማሽ ሰዓት ያጫውቱን» ሲለኝ ምን ላቅርብ ብዬ ትንሽ ተጨንቄ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ጠበቃ አለ፣ የባንክ ሰው አለ። የኔ ሙያ ሥነ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር መረጥሁ፤ ቤትን። አንድ ደራሲ የገጸ ባሕርዩን የልብ ሁኔታ በሚኖርበት ቤት በኩል እንዴት ያሳያል? የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው።

ከቋንቋችን ልጀምር። በአማርኛ «ባለቤት» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ አለበት። ቤቱ የኔ ነው የሚል ሰው ባለቤት ነው። የትዳር ጓደኛ ባለቤት ነው። ሰዋስው ላይ ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመው ባለቤት ይባላል። «አበበ በሶ በላ» ስንል ባለቤቱ አበበ ነው። ይህን ያህል ዘመን በሶ ሲበላ ቤት ይኑረው አይኑረው የጠየቀው ግን የለም!

ሰው ሲያገባ «ጎጆ ወጣ» እንላለን። ትዳር ሲበተን፣ አባወራው ሲሞት፣ ግድግዳው እንደቆመ፣ ጣሪያውም ሳይነካ «ቤቱ ፈረሰ» እንላለን። ዘር ሲቋረጥ «ቤቱ ተዘጋ» ይባላል። ግጥም እንኳ ሲሰምርለት «ቤት መታ» ነው የሚባለው። እንግዲህ ቋንቋችን ቤትንና ሰውን ከጥንት ጀምሮ አንድ ላይ አስሯቸዋል። ደራሲው ማሰሪያውን እንደ አዲስ መፍጠር አይጠበቅበትም፤ አውቆ በጥንቃቄ መጠቀም ነው ያለበት። ችግር የሚመጣው አጠቃቀሙ ላይ ነው።

ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ቤቱ ጨለማና ቀዝቃዛ ነበር። እሷም በሐዘን ተውጣ ነበር።» ስሕተት የለበትም፤ ግን ምንም አላየንም። ጨለማው ከየት መጣ? መብራት ጠፍቶ ነው፣ አምፖሉ ተቃጥሎ ነው፣ ወይስ ማብራት አስጠልቷት ነው? ይልቅስ ረከቦቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ሲኒዎቹ በሳህን ተደፍተው አቧራ ለብሰዋል ብሎ ቢጽፍስ? አበሻ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል። እዚህ ቤት ቡና ከተፈላ ቆይቷል ማለት ነው። ቡና ካልተፈላ ጎረቤት አልተጠራም። ጎረቤት ካልተጠራ ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም። ሴትየዋ ከሰው ተለይታለች። «ሐዘን» የሚለው ቃል አንድ ጊዜም አልተጻፈም፤ ሐዘኑ ግን ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል።

ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚወጣ ነው። ቤት የሰውን ልብ የሚናገረው በቅጽል አይደለም። የሚናገረው ሰውየው ዕቃውን ምን እንዳደረገው፣ ወይም ምን ማድረግ እንደተወ ነው። ሰምና ወርቅን ታውቃላችሁ። አንጥረኛው መጀመሪያ ሰሙን በደንብ ካልቀረጸ ወርቁ የሚፈስበት ቅርጽ አያገኝም። ቤቱ ሰም ነው፣ የልብ ሁኔታው ወርቅ ነው። ስለዚህ ቤቱ በመጀመሪያ እውነተኛ ቤት መሆን አለበት፤ በሩ የት እንደሆነ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ውሃው በምን እንደሚቀዳ መታወቅ አለበት። ይህ ሳይሟላ ምሳሌ ፍለጋ የሚሮጥ ጸሐፊ ባዶ ቦታ ላይ ነው ወርቁን የሚያፈሰው።

ከኛ መካከል ስድስት ኪሎ የተማራችሁ አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ግቢ ከመሆኑ በፊት መኖሪያ ቤት ነበረ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ዛሬም ሙዚየሙ ውስጥ ይታያል። ገብታችሁ ስትጎበኙ ዕቃው አለ፤ ኑሮው ግን የለም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ማንም ከላዩ አይነሳም፣ ማንም አያዘበራርቀውም። ሙዚየም ዕቃን ይጠብቃል። ልብ ወለድ ደግሞ ሰውየው ጠዋት ሲነሳ ብርድ ልብሱን አጥፎ ይሁን ጥሎ የወጣውን ይጠብቃል። ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

አሁን ሥራውን በሚገባ የሠሩ ደራሲዎችን እንይ። ከባሕር ማዶ ሦስት አራት፣ ከኛ አንድ።

መጀመሪያ ቻርልስ ዲከንስ። «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» በ1860 እና 1861 እ.ኤ.አ. በተከታታይ የታተመ ልብ ወለድ ነው። ሚስ ሃቪሻም በሠርጓ ዕለት ለመልበስ ስትሰናዳ ሙሽራው እንደማይመጣ የሚያረዳ ደብዳቤ ይደርሳታል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በቤቱ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ቆመዋል፤ በኛ አቆጣጠር ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ። የሙሽራ ልብሱ ገላዋ ላይ እንዳለ ነጩ ቢጫ ሆኗል። የሠርጉ ኬክ ጠረጴዛው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። የቀን ብርሃን አይገባም።

ይህን ሁሉም ያስታውሳል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ጫማዋ ነው። አንዱን እግሯን ተጫምታለች፤ ሌላው ጫማ ጠረጴዛው ላይ ነው። ደብዳቤው ሲደርስ አንዱን ብቻ አድርጋ ነበርና እዚያው ቀረ። አያችሁ፣ የቆመ ሰዓት ማንም ሊያስበው ይችላል። አንድ እግር ጫማ ግን የዚያች ሴት፣ የዚያች ደቂቃ ብቻ ነው። ሰዓቶቹን ሆን ብላ አቁማቸዋለች፤ ለሚያያት ሰው ሁሉ «ተመልከቱ ምን እንዳደረጉኝ» የምትልባቸው ናቸው። ጫማው ውስጥ ግን ያ የመጀመሪያው ድንጋጤ ራሱ አለ። ቂምና ሕመም በአንድ ክፍል ውስጥ ለየብቻ ተቀምጠዋል።

ሁለተኛው ዶስቶየቭስኪ ነው። በ1866 እ.ኤ.አ. የወጣው «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ራስኮልኒኮቭ የሚኖረው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ሥር፣ ከክፍል ይልቅ ቁም ሣጥን በሚመስል ቦታ ነው። ርዝመቱ ስድስት እርምጃ ያህል ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ቢጫ ወረቀት ተልጧል። እናቱ ከሩቅ አገር መጥታ ስታየው ክፍሉን ከሬሣ ሣጥን ጋር ታመሳስለዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ድሃ ተማሪ እንዲህ ባለ ክፍል ኖሯል። በኛ ጊዜ ስንቶቻችን ነን ከዚህ በባሰ ክፍል ለሦስት የተከራየነው? ሁላችንም ግን ሰው አልገደልንም። ስለዚህ ክፍሉ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ዶስቶየቭስኪ የሚያደርገው ክፍሉን ሥራ ላይ ማዋል ነው። ራስኮልኒኮቭ ከግድያው በኋላ የዘረፈውን ዕቃ መጀመሪያ የሚደብቀው የት ነው? ያ የተላጠው የግድግዳ ወረቀት ሥር ባለው ቀዳዳ! ቀድሞ የድህነቱ ምልክት ሆኖ ያየነው ጉድጓድ አሁን የጥፋቱ መደበቂያ ሆነ። ግድግዳው አብጦ እየታየ፣ ሰውየው ግን ደበቅሁ ብሎ ያምናል። የአእምሮው ሁኔታ ከዚህ በላይ በምን ይገለጻል?

ሦስተኛ ካፍካን ልጥራ። በ1915 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሜታሞርፎሲስ» ግሬጎር ሳምሳ አንድ ጠዋት ትልቅ ነፍሳት ሆኖ ይነሳል። እህቱ እንደ ልቡ ግድግዳ ላይ እንዲድህ ብላ ዕቃውን ከክፍሉ ልታወጣለት ታስባለች። እናትየው ግን ታመነታለች፤ ዕቃውን ካወጣንለት መዳኑን ተስፋ ቆረጥን ማለት ነው ብላ ትሰጋለች። ሁለቱም ይወዱታል። በአንድ ቁም ሣጥን መውጣትና መቅረት ላይ ሁለት ዓይነት ፍቅር ይጋጫል። በኋላ ሦስት ተከራዮች ሲገቡ ያው ክፍል የማይፈለግ ዕቃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ቤተሰቡ «ከእንግዲህ ልጃችን አይደለህም» ሳይለው ቤቱ ቀድሞ ነገረው።

ቼኾቭ ደግሞ በ1904 እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ በወጣው «የቼሪው የአትክልት ስፍራ» ተውኔቱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ትዕይንት በአንድ ክፍል ውስጥ ያደርጋል፤ ጌቶቹ ልጅ ሳሉ ባደጉበት ክፍል። መጀመሪያ ላይ ያረጀ የመጻሕፍት ሣጥን እንደ ሰው ንግግር ይደረግለታል። መጨረሻ ላይ መጋረጃው የለም፣ ሥዕሉ የለም፣ የቀረው ዕቃ ጥግ ላይ ተቆልሏል። ክፍሉ ያው ነው፤ የተለወጠው የያዘው ነው።

የኛስ? «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የወላጆቹ ኩራት ያለበት ቤት ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ በዘር አይመጥንም ተብሎ ይመለሳል፤ ሰብለ ወንጌል እዚያው ቤት ዕድሜዋ ይነጉዳል። ለወላጆቿ ያ ቤት ክብር ነው፤ ለእሷ ግድግዳ ነው። ታዲያ በዛብህ በአስተማሪነት ሲገባ የቤቱ ማገር አልተለወጠም፣ ጣሪያው አልታደሰም፤ ግን ያው ቤት ለአንዲት ልጅ ሌላ ቤት ሆነ። አንድ ቤት ለአባት አንድ ነገር፣ ለልጅ ሌላ ነገር መሆኑን ሐዲስ ዓለማየሁ በሚገባ አሳይተውናል። መጨረሻው ላይ ደግሞ የትልቅ ቤት ልጅ ከመቃብር አጠገብ መንና ትቀራለች። ከዚያ ሁሉ አዳራሽ ይልቅ ልቧ ያረፈው እዚያ ነው።

እስካሁን ከመጽሐፍ ነው የነገርኳችሁ። አሁን ከሰፈር ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ ያደግሁት አዲስ አበባ ውስጥ አራት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። ከኛ ቀጥሎ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው እናት ነበሩ። አምስት ልጆች በሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ያሳድጉ ነበር። የመጀመሪያው ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በ1970 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤት ወጣ፤ አልተመለሰም። ያን ዘመን የኖራችሁ ከዚህ በላይ እንድነግራችሁ አትፈልጉም።

እትዬ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ አልሰማሁም። ሲያለቅሱም አላየሁም። የሚናገረው ቤታቸው ነበር። የፊተኛው ክፍል ውስጥ የልጁ ሽቦ አልጋ እንደተነጠፈ ነበር። አራቱ ልጆች ከአልጋው ሥር ፍራሽ አንጥፈው፣ ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ አልጋው ባዶውን ያድራል። እንግዳ ሲመጣ በርጩማ ይሰጠዋል እንጂ አልጋው ላይ ቁጭ በል አይባልም። ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ገፈው ያጥባሉ፣ ያሰጣሉ፣ መልሰው ያነጥፋሉ። እኛ ልጆች ኳሳችን ያ አንሶላ እንዳይነካ እንጠነቀቅ ነበር። ማንም አላስጠነቀቀንም፤ እንዲሁ አወቅነው።

ሰባት ዓመት ያህል እንዲህ ሆነ። አንድ ክረምት የእህታቸው ልጅ ልትማር ከገጠር መጣች። ብርድ ነበር። ማታ ፍራሹ ላይ ቦታ ጠበበና ልጅቷ በሩ ጋ ልትተኛ ስትል እትዬ «አልጋው ላይ ውጪ» አሏት። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለም።

ጠዋት እናቴ ይህን ሰማች። እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ሄደች። ከእትዬ ጎን ተቀመጠች። ቀጥሎ ሌሎቹ ጎረቤቶች መጡ። ድንኳን የለም፣ እድር አልተጠራም፣ ጡሩምባ አልተነፋም። ሁሉም ዝም ብለው ተቀመጡ። ያ ልጅ በዚያ ቤት የሞተው ያን ዕለት ነበር።

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ላሳዝናችሁ ብዬ አይደለም። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር፤ ያን ቤት ግን አነበበችው። አንድ አልጋ ላይ ሰው መተኛቱ ምን ማለት እንደሆነ ገባት። አንባቢዎቻችን ይህ ችሎታ አላቸው። ለደራሲው የሚቀርለት አልጋውን በትክክል ማስቀመጥና ከዚያ ዝም ማለት ነው። «አልጋው የእናትየዋ ተስፋ ነበር» ብሎ ከጻፈ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ነገሩ ያለው አልጋው ላይ ብቻም አይደለም፤ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው። መሬት ላይ የተጣበቡት ልጆች ባይኖሩ ባዶው አልጋ ያን ያህል አይናገርም ነበር።

ባህላችንም ለደራሲ ብዙ አዘጋጅቶለታል። ለቅሶ ቤትን አስቡ። ሰው ሲሞት ሶፋው ከሳሎን ይወጣል፣ ፍራሽ በግድግዳው ዙሪያ ይነጠፋል፣ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ እድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ያመጣል። ቤቱ ለሐዘኑ ሲባል ይፈርሳል ማለት ይቻላል። ከዚያ ሣልስቱ አልፎ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰው ሲበተን ሶፋው ይመለሳል። እስቲ እዚህ ላይ ቁሙ። የአባትየው መቀመጫ የት ይገባል? እንደ ድሮው በሩን አይቶ ይቀመጣል? ማን ይቀመጥበታል? ትልቁ ልጅ ቶሎ ብሎ ቢቀመጥበት አንድ ታሪክ ነው። ማንም ሳይቀመጥበት ቢከርም ሌላ ታሪክ ነው። እናትየዋ «ቴሌቪዥኑ በዚህ በኩል ይሻላል» ብለው የሳሎኑን አቀማመጥ ጠቅላላ ቢያዞሩት ደግሞ ሦስተኛ ታሪክ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። እዚህ ያላችሁት ከሞላ ጎደል ሁላችሁም አንድ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላችኋል። በጋዋንና በቆብ፣ ዲግሪ ይዛችሁ፣ ከቡፌው በላይ። ፎቶው ላይ ያለው ፀጉር ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ባይኖርም! ያ ፎቶ የናንተ ይመስላችኋል እንጂ የናንተ አይደለም፤ የእናታችሁ ነው። አባትና ልጅ ተጣልተው ፎቶው ቢወርድ ሚስማሩ ይቀራል፤ ከኋላው ያለው ቀለምም ከሌላው ግድግዳ ይልቅ ነጥቶ ይታያል። እንግዳ ሁሉ ያን ንጹሕ አራት ማዕዘን ያያል፤ ማንም አይጠይቅም። ሳሎን የነበረው ወደ መኝታ ቤት ቢዛወርስ? አባትየው ለሰው ማሳየት ትተዋል፤ ራሳቸው ማየት ግን አልተውም።

ሳሎን እኛ ለሰው መናገር የምንፈልገው ነው። ጓዳ ደግሞ ያለው ነው። ጥሩ ደራሲ እንግዳ ሆኖ ይገባና ቤተኛ ሆኖ ጓዳ ይደርሳል።

ውጭ የምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቤት ታውቃላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አፓርታማ ግድግዳ ላይ የአዲስ አበባን ሰዓት የሚቆጥር ሰዓት ተሰቅሎ ብናይ ባለቤቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚኖር ማን ይነግረናል? በር ሥር የቆመ፣ ሃያ ዓመት ቁም ሣጥን ያልገባ ሻንጣ ብናይስ? ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ደግሞ ቤት የላትም። የምትተኛው ወጥ ቤት ጥግ ወይም ልብስ በሚተኮስበት ክፍል ሊሆን ይችላል። ቤቷ ሻንጣዋ ናት። የሻንጣው ክዳን ከውስጥ በኩል የተለጠፈ የልጅ ፎቶ ሙሉ ሳሎን ነው። በዚያ ላይ እሷ የአሠሪዎቿን ቤት ከባለቤቶቹ የበለጠ ታውቀዋለች። ከአልጋው ሥር ምን እንዳለ፣ የትኛው ትራስ ማታ እንደረጠበ፣ ባልና ሚስቱ መቼ አልጋ እንደለዩ የምታውቀው እሷ ናት። የሰው ቤት አንባቢ ከፈለጋችሁ ከእሷ የተሻለ ተራኪ አታገኙም።

እንግዲህ ለመጻፍ ለምታስቡ፣ ለሚያስተምሩም መምህራን፣ ሦስት ማስጠንቀቂያ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ቤት መስታወት አይደለም። ልቡ የተዘበራረቀ ሰው ቤቱ ሁልጊዜ አይዘበራረቅም። እንዲያውም በሐዘን የተጎዳች ሴት ቀኑን ሙሉ ወለል ስትወለውል ልትውል ትችላለች፤ ካቆመች ማሰብ አለ። የተጠቀለለ፣ የተወለወለ፣ አንድ ዕቃ ከቦታው ያልተነቃነቀበት ቤት አንዳንዴ ከቆሻሻው የበለጠ ያስፈራል።

ሁለተኛ፣ ሰው የራሱን ቤት አያይም። ሃያ ዓመት የኖረበትን የግድግዳ ስንጥቅ አያስተውለውም፤ የሚያየው እንግዳው ነው። ስለዚህ ታሪኩን የሚተርከው ባለቤቱ ራሱ ከሆነ ቤቱን ከኮርኒስ እስከ ወለል አያስቆጥሩት። የተለወጠውን ብቻ ይመልከት። ከሆስፒታል የተመለሰ፣ ከእስር የተፈታ፣ ተፈናቅሎ የተመለሰ ሰው ግን ሁሉንም ያያል። መጀመሪያ ምን ይፈልጋል? የበሩን መዝጊያ? የእናቱን ድስት? የሚፈልገው ነገር ማንነቱን ይነግረናል።

ሦስተኛ፣ አታብራሩ። «ልክ እንደ ልቧ» የምትል ሐረግ ስትጽፉ ካገኛችሁ ሰርዟት። ዝናብ፣ የጠወለገ አበባና የተሰበረ መስታወትም ለጊዜው ይረፉ፤ ብዙ ደክመዋል።

አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ጋርድነር ለጸሐፊዎች የሚሰጠው አንድ የታወቀ መልመጃ አለ። ልጁ በጦርነት የሞተበት አባት አንድ የእርሻ ጎተራ ሲመለከት ጻፉ ይላል፤ ልጁን፣ ጦርነቱን ወይም ሞትን ግን አትጥቀሱ። እኔ ክፍል ውስጥ ወደኛ አምጥቼዋለሁ። አንዲት እናት ለፋሲካ ዋዜማ ቤቷን ስታሰናዳ ጻፉ፤ ልጇ እንደማይመጣ ታውቃለች፤ ይህን ግን አትናገሩ። ቄጠማው፣ ዶሮው፣ የሳህኑ ቁጥር ይናገር። የተማሪዎቹ ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲለወጥ ታያላችሁ። ምክንያቱም በእጃቸው ያለው የራሳቸው ቤት ነው። ከዚያ በፊት የሚጽፉት ሳሎን በፊልም ያዩት ሳሎን ነበር፤ ሀብታሙም ድሃውም አንድ ዓይነት ሶፋ ላይ የሚቀመጡበት።

ነገሩን ዛሬ ያነሳሁት ለክፍል ትምህርት ብቻ ብዬ አይደለም። በዘመናችን ቤታችን በፍጥነት እየተለወጠ ነው። እነ ፒያሳና ካዛንቺስን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ሄዷል። ስንቱ ቤተሰብ ከጭቃ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል! በደረጃው አልወጣ ያለ ቡፌ ተፈታትቶ ወጥቶ፣ ተገጣጥሞ፣ የሳሎኑን እኩሌታ ይዞ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ቤት ታውቃላችሁ። «ለምን አትሸጡትም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ስትሰሙ ስለ ቡፌ እንደማይወራ ይገባችኋል። ልማቱ መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሌላ መድረክ እተወዋለሁ። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። የሕንፃውን ፊት ፎቶግራፍ ያስቀረዋል፤ የግድግዳውን ልክ ፕላን ያስቀረዋል። ማን የት ይቀመጥ እንደነበረ፣ የትኛው አልጋ ባዶውን ያድር እንደነበረ ግን በጽሑፍ ካልቀረ ከሰዎቹ ጋር ያልቃል። ያን ጊዜ የልጅ ልጆቻችን ቤታችን ምን ይመስል እንደነበረ ሊያውቁ ይችላሉ፤ ምን ይሰማን እንደነበረ ግን አያውቁም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ደራሲ መሆን አያስፈልግም። ሐኪሞች፣ በሽተኛ ለማየት ስንት ቤት ገብታችኋል። ጠበቆች፣ የውርስ ዝርዝር ስትጽፉ «አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ሬዲዮ» ብላችሁ የሰው ዕድሜ ቆጥራችኋል። መሐንዲሶች፣ ቤት ሲፈርስ ቆማችሁ አይታችኋል። የባንክ ሰዎች ደግሞ ቤት ስትገምቱ ኖራችኋል፤ ግምታችሁ ውስጥ ያልገባውን አሁን ጻፉት። ሁላችሁም የምታውቁትን አንድ ክፍል ምረጡ። አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል። አንድ ዕቃ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ለውጥ። ስሜቱን አትጥቀሱ። ኮሚቴው ቢፈቅድ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ላይ ጥቂቶቹን እናነባለን፤ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው እንደ መነሻ ሊሰጧቸው ይችላሉ።

ኮሚቴው ግማሽ ሰዓት ብሎኝ ነበር፤ ቡናውም ሲሸት ይሰማኛል።  ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።